ባለ አራት ጎማ ሞተር ላላችሁ የኮሎራዶ ልጆች፦ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ ሆናችሁ ጋራዣችሁ ውስጥ ባለ አራት ጎማ ሞተር የቆመባችሁ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ራምፓርት ሬንጅ ላይ፣ ተራራው ላይ ባለው የሞተር መንጃ ቦታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማየው ሐበሻ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። እዚያ ስንገናኝ ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ "የት ነው የምታሠራው?" መልሱን ለእያንዳንዱ ከምነግር እዚህ ልጻፈው፤ በዚያውም ባለሙያውን ላመስግን።

ስሙን አልጽፍም። "ስሜ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ስልኬ እረፍት አይሰጠኝም" ብሎኛል። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ከሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ እያመላለሰ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እጁ በግራሶ እየጠቆረ ያደገ ሰው ነው። እዚህ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው። ማታ ማታና ቅዳሜ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ትንንሽ ሞተሮችን ይሠራል።

የኔዋ ሆንዳ ራንቸር 350 ናት፣ የ2004 ሞዴል። ሂውስተን ካለ ሰው ነው የገዛኋት። እዚያ ስሞክራት በአንድ ንክኪ ነበር የምትነሳው። ኮሎራዶ ስትገባ ግን ጸባይዋ ተለወጠ። ጠዋት በመከራ ትነሳለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ላይ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ቤንዚኑንማ ተዉት። አንድ ሱቅ ወሰድኳት፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሞተሩ ወርዶ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) መቀየር አለበት አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ሞተሯን ከገዛሁበት ይበልጣል።

ጋሼ ጋ የወሰዳት ጓደኛዬ ነው። ጋሼ ምንም ሳይጠይቅ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታና መብራት ላይ አስጠጋው። ጫፉ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሷል። በጣቱ ጠረግ አደረገና አሳየኝ። ቀጥሎ ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ኃይል፣ ለካ። "ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ አየር ነው ያጠራት" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራንቸር 350 ቤንዚን የሚያልፈው በካርቡራተር ነው። ካርቡራተር ደግሞ ያለበትን ከፍታ አያውቅም። ውስጡ ያለው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ናስ፣ ሂውስተን ላይ ለባሕር ጠለል አየር ተብሎ የተቀመጠ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ራምፓርት ሬንጅ ስትወጡ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ነው ጭስና ጥቀርሻ የሚሆነው። ጋሼ ይህን የተማረው እዚህ አይደለም። "ከአሰብ በመርከብ የወረደ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው" አለኝ እየሳቀ።

ካርቡራተሩን አወረደ። ሥሩ ያለው የቤንዚን ጽዋ ውስጥ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በማጽጃና በአየር ነፋ፣ ዋናውን ጂግለር አነስ ባለ ቀየረ፣ መልሶ ገጠመ። የድሮውን ጂግለር ግን አልጣለውም። ትንሽ ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ በማርከር "ቆላ" ብሎ ጻፈበትና ከመቀመጫው ሥር በፕላስተር ለጠፈው። "ወደ ቴክሳስ ከመለስካት ይህን መልሰህ አስገባ፤ በትንሹ ጂግለር ቆላ ላይ ብትነዳት ቤንዚን ያንሳትና ሞተሩ ይግላል" አለኝ። እስካሁን እዚያው አለ። የከፈልኩት ሱቁ ለምርመራ ብቻ ከወሰደብኝ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ጥሩ መካኒክ ሌላም ይኖራል። ጋሼን የሚለየው ለቀላል ሥራ ሁለተኛ እንድትመጡበት አለመፈለጉ ነው። አጠገቡ አቁሞ በእጃችሁ ያሠራችኋል። ካቻቢቴውን ያቀብላችሁና እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። መጀመሪያ ትንሽ ያሸማቅቃል። በኋላ ግን ትወዱታላችሁ።

ለምሳሌ የአየር ፊልትሮ። ራምፓርት ላይ መሬቱ የተፈረፈረ ግራናይት ነው፤ ደረቅ ሲሆን አቧራው የጉድ ነው፣ በተለይ ከሰው ኋላ ለሚነዳ። ይህ አቧራ ሞተር ውስጥ ከገባ ፒስተኑን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ፊልትሮው ስፖንጅ ስለሆነ ታጥቦ ይመለሳል። በቤንዚን አትጠቡት፤ ማጣበቂያውን ይፈታዋል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው። በሞቀ ውሃና በዕቃ ሳሙና ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ልብስ አትጠምዝዙት፣ ይቀደዳል። ጥላ ውስጥ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ የፊልትሮ ዘይት አጠጡትና ትርፉን ጨምቃችሁ አውጡ። ጋሼ የፊልትሮው ጠርዝ ላይ ግራሶ በስሱ ያስቀባል፤ በጎን የሚሾልክ አቧራ እንዳይኖር ነው።

ጎማ ላይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። የመኪና ጎማ የንፋስ ግፊት 32 ወይም 35 ፒኤስአይ ነው አይደል? የዚህች ሞተር 3.6 ነው። ሦስት ነጥብ ስድስት! ነዳጅ ማደያ ያለው መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ በትክክል አያነብም። ዝቅተኛ ግፊት የሚለካ ለብቻው ግዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው። በኃይል የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ እየነጠረ መሪ ያስታችኋል።

ፍሬን ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቅም። የዚህች ሞዴል የፊት ፍሬን ዲስክ ሳይሆን ታምቡሮ (እንደ ከበሮ የተዘጋው ዓይነት) ነው፤ ውሃና ጭቃ ከገባበት እዚያው ተኝቶ ሸራውን ይበላል። ስለዚህ ጎማው ወርዶ፣ ታምቡሮው ተከፍቶ፣ ማኅተም ጎማው ታይቶ ነው የሚዘጋው። የፊት አክስሎቹን ጎሚኒም (የላስቲክ ሽፋን) ያያል። ጎሚኒው ተቀዶ ካገኘው ዛሬውኑ ቀይር ይላችኋል። ጎሚኒው ርካሽ ነው፤ አሸዋ የበላው አክስል ግን ኪስ ያራቁታል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ያለውን የብልጭታ መከላከያ መኖሩንም ሳያይ አይለቃችሁም። የፌደራል ደን ውስጥ ያለ እሱ መንዳት አይፈቀድም፣ ሰደድ እሳት ባለበት አገር ደግሞ ትክክል ነው።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛችን ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ጠፋበት። ስልክ እንደምንም የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥተን ጋሼ ጋ ደወልን። ገና "ውሃ ውስጥ" ስንል "እንዳታስነሱት!" ብሎ ጮኸ። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ እያለ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ከተመታ የፒስተኑ ክንድ ሊጎብጥ ይችላል። ካንዴላውን አስፈታን፤ የእጅ ማስነሻውን ገመድ ቀስ እያልን ስንስብ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ፊን ብሎ ወጣ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን እንድናይ አዘዘን። ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። "በቃ፣ ጎትታችሁ አምጡት" አለ። ጎተትነው። ዘይቱ ደጋግሞ ተቀየረና ሞተሩ ዛሬም ይሠራል። እዚያው ለማስነሳት ታግለን ቢሆን ሞተር መግዛታችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ቦርሳ ውስጥ የጎማ መድፈኛ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ መጎተቻ ገመድና ፕላስቲክ ማሰሪያ አይጠፋም። ዝርዝሩ የጋሼ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ችኩል ሰው ለጋሼ አይሆንም። ዕቃ ካዘዘ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፣ "ነገ" ካለ ደግሞ የሐበሻ ነገ ሊሆን ይችላል። ጭቃ የተለጠፈበት ሞተር ካመጣችሁ "አጥበህ ና" ብሎ ይመልሳችኋል፤ አይቀልድም። ባለ ሁለት ወንበሮቹን ትልልቆቹን አይነካም። በኮምፒውተር የሚመረመረውንም "የኔ አይደለም" ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ስልክ አያነሳም።

መሄጃው ጊዜ ኅዳር ሳይገባ ነው። ራምፓርት ያለው የሞተር መንገድ ክረምቱን ይዘጋል፤ ሞተሩም እስከ ጸደይ ሊቆም ነው። ጋሼ ቤንዚኑ ቆሞ እንዳይበላሽ ማቆያ ፈሳሽ ይጨምርላችኋል፣ የካርቡራተሩን ጽዋ ያደርቀዋል፣ ባትሪው ላይ ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር እንዴት እንደሚታሰር ያሳያችኋል። ሚያዝያ ላይ የምትደውሉ ወረፋ ትጠብቃላችሁ፤ የግዛቱ ዓመታዊ የሞተር ምዝገባ ተለጣፊም በዚያው ሰሞን ነው የሚታደሰው፣ ሁሉም ሰው ያኔ ነው ሞተሩ ትዝ የሚለው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የሞተሩን ሞዴልና ችግሩን አብራችሁ ላኩ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የድሮውን ካንዴላ አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።