ግሪም ዶውን፦ ነጥባችሁን የት ቀበራችሁት?

ስለ ጌም የሚጽፍ ሰው ሁሉ የባጃጅ ዋጋ የሚያወጣ ኮምፒውተር ያለው ይመስላል። እኔ የለኝም። ያለኝ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ሻጩ "ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል" ብሎኝ ነበር። አርባ ደቂቃ ይይዛል፣ እሱም ስክሪኑን ካደበዘዝኩት። ፋኑ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ደግነቱ የደሴ ብርድ አለ፣ ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቀልጦ ነበር።

ግሪም ዶውን የሚባለው፣ ጭራቅ እየገደላችሁ ገጸ ባሕሪያችሁን የምታሳድጉበት ጌም እዚህ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ2016 የወጣ ነው፤ ዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጊጋ ራም ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ጎግ የሚባል የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ በስጦታ ገዛልኝ፣ ዳታዬ እንዳያልቅ ብሎ ደግሞ ፋይሉን አውርዶ በፍላሽ በሰው እጅ ላከልኝ። እንዲህ ደክመውበት የመጣ ጌም ደባሪ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ነበር። አይደለም።

ግራፊክሱን፣ ታሪኩን ቶሎ ልለፈው። ጨለም ያለ ዓለም ነው፣ ሲጀምር አንገታችሁ ገመድ ውስጥ ገብቷል፣ ከዛ ተርፋችሁ ድሮ እስር ቤት የነበረች ሰፈር ውስጥ ኑሮ ትጀምራላችሁ። በቃ። እኔ ይህን ጌም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተውኩት በስኪል፣ ማለትም በችሎታ አሠራሩ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ልጅ ሆኜ ዲያብሎ 2ን ተጫውቻለሁ። ሶርሰረሷን ያዝኩና በየሌቭሉ የሚሰጠውን 5 ነጥብ ኢነርጂ ላይ ከመርኩት። አስማተኛ አይደለች? ማና፣ የአስማት ጉልበት ማለት ነው፣ ያስፈልጋታል ብዬ። ስኪሏ ደግሞ ሁሉም እሳት። ሄል የሚባለው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ እሳት ጭራሽ የማይነካቸው ጭራቆች መጡ። ቆመው ያዩኛል፣ ቆሜ አያቸዋለሁ። በሁለት ምት እሞታለሁ። ነጥቡን መልሼ ልውሰድ ብል አይቻልም፤ ጌሙ በ2000 ወጥቶ ነጥብ ማስመለስ የተፈቀደው በ2010 በወጣ ፓች (ማሻሻያ) ነው፣ እኔ ያገኘሁት ኮፒ ላይ ደግሞ ያ ፓች አልነበረም። ስንት ሳምንት የለፋሁባትን ልጅ ጥዬ ከዜሮ ጀመርኩ። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ግሪም ዶውን እንዲህ አያደርጋችሁም። ጌሙ ማስተሪ የሚለው የሙያ ዓይነት አለ፣ ከሁለቱ ማስፋፊያዎች ጋር 9 ናቸው፤ ወታደር፣ ሻማን፣ ኔክሮማንሰር እያለ ይሄዳል። አንዱን መጀመሪያ ትመርጣላችሁ፣ ሌቭል 10 ላይ ሁለተኛ ትጨምራላችሁ። 36 ዓይነት ጥምረት ይወጣዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ በ2006 የወጣው ታይታን ክዌስት ላይም ነበር፤ የዛ ጌም ድርጅት ሲዘጋ ከሠራተኞቹ የተወሰኑት ናቸው ክሬት ኢንተርቴይንመንትን መሥርተው ይህን የሠሩት።

አሁን ዋናው ነገር። እስከ ሌቭል 50 በየሌቭሉ 3 ነጥብ ታገኛላችሁ፣ ከዛ እስከ 90 ሁለት ሁለት፣ ከዛ እስከ 100 አንድ አንድ። ደምሩት፣ 237 ነው። ብዙ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ ማስተሪ ከታች የራሱ መስመር አለው፣ እስከ 50 ነጥብ የሚውጥ፣ እና ትልልቆቹ ስኪሎች የሚከፈቱት ያ መስመር ሲያድግ ብቻ ነው። መስመሩ በራሱ ጭራቅ አይገድልም። ጤናና ጉልበት ይጨምራል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ደሴ ላይ ተዳፋት ቦታ ገዝቶ ቤት የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ግማሹ ብር ድጋፍ ግንብ ውስጥ ነው የሚቀበረው፣ ጎረቤት መጥቶ "ታዲያ ቤቱ የታለ?" ይላል። ሁለቱንም ማስተሪ እስከ ጫፍ ከወሰዳችሁ 100 ነጥብ መሬት ውስጥ ቀበራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ታስባላችሁ፤ አሁን ምቴን ላጠንክር ወይስ መስመሩን ልግፋና 32 ላይ ያለችውን ስኪል ላውጣ? እኔ አንዳንዴ ሌቭል ከጨመርኩ በኋላ ነጥቡን ሳላወጣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ኮምቦልቻ የሚማር ታናሽ ወንድሜ እንዲህ አያስብም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣና ላፕቶፑን ይወርሰኛል። ወታደርና ሻማንን አጣመረ፣ ጎበዝ፣ ጥሩ ጥምረት ነው፣ ዋርደር ይባላል። ከዛ ከወታደሩ ካደንስን ወሰደ፣ ከሻማኑ ሴቨጅሪን ወሰደ፣ ሁለቱንም እኩል አሳደገ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁለቱም ተራውን ምት የሚተኩ ስኪሎች ናቸው። ካደንስ በየሦስተኛው ምት ከባድ ዱላ ያወርዳል፣ ሴቨጅሪ ደግሞ ደጋግማችሁ በመታችሁ ቁጥር እየጋለ ይሄዳል። በአንዱ ስትመቱ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያችኋል። የነጥቡ ግማሽ ሥራ ፈት ሆኗል ማለት ነው።

"አንዱን ጣለው" አልኩት።

"አንተ ራስህ አይደለህ ሁሉም ይጠቅማል ያልከኝ?"

ብዬ ነበር። ግን ሁሉም ይጠቅማል ማለት ሁሉም ላንተ ይጠቅማል ማለት አይደለም፣ ይሄን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቢልድ ማለት አንድ ዋና ምት መርጦ ሌላውን ሁሉ እሱን እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ለምሳሌ ወታደሩ ላይ ማርኮቪያንና ዞልሃን የሚባሉ ስኪሎች አሉ፣ የሚጫኑት በተን የላቸውም፣ ካደንስን ስትመቱ በመሀል በዕድል ራሳቸው ይወጣሉ። እነሱ ናቸው ለካደንስ ጓደኞቹ። ሴቨጅሪ ጓደኛው አይደለም፣ ተቀናቃኙ ነው።

ኮከቦቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። የፈረሱ መቅደሶችን እየፈለጋችሁ ስታድሱ ዲቮሽን የሚባል ነጥብ ታገኛላችሁ፣ በእሱ ሰማይ ላይ ያሉ የኮከብ ስብስቦችን ታበራላችሁ። አንዳንዱ ስብስብ ሲሞላ የራሱ ኃይል ይሰጣል፣ ያንን ኃይል ከአንዱ ስኪላችሁ ጋር ታስሩታላችሁ። እኔ የሌሊት ወፏን ሞላሁ፤ ስትመቱ በ20 በመቶ ዕድል ወጥታ ከጠላት ጤና ትመጥላችኋለች። በደስታ ብሊትዝ ላይ አሰርኳት። ብሊትዝ ዘልሎ መግቢያ ነው፣ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሰከንዶች ትጠብቃላችሁ። ወፏን ለሁለት ቀን አላየኋትም። ተበላሸ እንዴ ብዬ ላጠፋው ሁሉ ነበር። ከዛ በየሰከንዱ ወደምመታው ወደ ካደንስ ሳዛውራት ጤናዬ አልወርድም አለ። ያው ወፍ፣ ያው ነጥብ። የታሰረችበት ቦታ ብቻ ነው የተለየው።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ትልቁ ቅሬታዬ ሬዚስታንስን፣ ማለትም ከሚደርስባችሁ ጉዳት በመቶኛ የሚቀንሰውን መከላከያ ይመለከታል። የመጀመሪያውን ዙር ሬዚስታንስ ሳታዩ ትጨርሳላችሁ፣ ጌሙም ትንፍሽ አይልም። ኤሊት የሚባለው ሁለተኛ ዙር ላይ ግን ሬዚስታንሳችሁን የሚቀንስ ቅጣት ይመጣል። እኔ ዋርደን ክሪግ ጋ ተደጋግሜ ሞትኩ፣ መጀመሪያው ዙር ላይ እየሳቅኩ የገደልኩት ሰውዬ። ጣሪያው 80 በመቶ ነው። "60 አለኝ፣ ምን ይጎድለኛል?" ብዬ ነበር። 80 ያለው ሰው ከመቶው 20 ብቻ ይደርሰዋል፣ 60 ያለው 40፤ እጥፍ ነው! ይሄን ማንም አላስተማረኝም፣ ደብተር ላይ አስልቼ ነው ያወቅኩት። እቃውም ይበዛል፣ ከሚወድቀው ዘጠና እጁ ቆሻሻ ነው፣ ከረጢት ስታስተካክሉ ባትሪው ያልቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰበሰባችሁት ይቀመጣል፣ የገደላችኋቸው ግን ስትመለሱ ሁሉም ተነስተው ይጠብቋችኋል። እንግሊዝኛውም በጣም ደቃቅ ነው፣ መነጽር ያላችሁ አዘጋጁ።

ስህተታችሁን ማረም ግን ይቻላል። ሰፈሯ ውስጥ ስፒሪት ጋይድ የምትባል ሴትዮ አለች፣ በጌሙ ገንዘብ አንድ በአንድ ነጥብ ትመልስላችኋለች። ነፃ አይደለም፣ እየደጋገማችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ይሄንን ወድጄዋለሁ። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ሁሉንም ነገር በነፃ በአንድ ክሊክ ይቀይሩላችኋል፣ ያኔ ምርጫው ምርጫ አይመስልም፣ ልብስ መቀያየር ነው። እዚህ ትንሽ ያማል፣ ግን አይገድልም። ከ10 እሰጠዋለሁ 9፣ አንዷን የያዝኩት ለክሪግ ነው።

ወንድሜ ባለፈው ከኮምቦልቻ ቴሌግራም ላይ ጽፎልኛል። ጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ጭኖት ኖሯል፣ ሴትዮዋ ጋ ሄዶ የሴቨጅሪን ነጥብ አስመለሰ፣ ገንዘቡም አለቀበት። የላከልኝን ስክሪንሾት አጉልቼ ሳየው ሴቨጅሪ ላይ ሁለት ነጥብ ቀርታለች።

"ይቺስ?" አልኩት።

"ለክፉ ቀን" አለኝ።