ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለችው የሴቶች ክሊኒክ፦ ሕመሜን ቁጭ ብላ የሰማችኝ ሐኪም

ከወለድኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ መግቢያው ላይ ያቃጥለኛል፣ የተሰፋሁበት ቦታም ይወጋኛል። እየቆየ ሲመጣ መምሸቱን ራሱ ፈራሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙን አልጠራም) ግማሽ ቀን ተሰልፌ «የወለደች ሁሉ ያማታል፣ ትለምጂዋለሽ» ተብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ከዚራ የደረስኩት።

ሳቢያን ያለችውን ክሊኒክ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሐኪሟ አልጋ ላይ ውጪ ከማለቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። ሕመሙ መግቢያው ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ? ከመውለድሽ በፊትም ነበር? ፈሳሽ፣ ሽታ፣ ማሳከክ አለ? ግርዛትንም ጠየቀችኝ፣ ያለ ምንም መሸማቀቅ። «ስመረምርሽ ካመመሽ በቃ በዪኝ» አለችኝ። አንዴ «በቃ» አልኳት። ወዲያው እጇን ሰበሰበች። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ አስረዳችኝ። ጡት ስታጠቢ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ስለዚህ ብልት ይደርቃል፣ ቆዳውም ይሳሳል። ስፌቱ ደግሞ ጠንካራ ጠባሳ ሠርቷል። ሕመሙን ስፈራ የዳሌዬ ጡንቻ ሳላውቀው ይኮማተራል፤ ያ መልሶ ሕመሙን ያባብሰዋል። ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚያም ቢሆን ኖሮ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን፣ ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ወይም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ ሲያድግ) እንዳይሆን አልትራሳውንድ ታዝልኝ ነበር። ያ ሁሉ ጥያቄ ለካ ለዚህ ነው።

ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ጄል አዘዘችልኝ። እኔ ቫዝሊን ነበር የምጠቀመው፤ ለካ የኮንዶሙን ላስቲክ ያበላሻል። ጡንቻውን በትንፋሽ ማላላትም አሳየችኝ። እስኪሻለኝ ግንኙነቱ ይቆይ አለች። ባለቤቴንም አስገብታ አስረዳችው። «የጠላችኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ሁለታችንም እንባችን መጣ።

የማይመቸው መጠበቂያው ነው። በድሬ ሙቀት አንድ ቬንትሌተር ብቻ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅም «ምንሽን ነው?» ብላ ሰው ፊት ጮክ ብላ ትጠይቃለች። ይሄ መስተካከል አለበት፤ እንዲህ ዓይነት ሕመም ይዛ የመጣች ሴት ከበር ልትመለስ ትችላለች። ዋጋውም ከሌላው ትንሽ ወደድ ይላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ማቃጠሉ ጠፍቷል፣ ጠባሳው ግን አልፎ አልፎ ይወጋኛል። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። አክስቴንም ይዣት እሄዳለሁ። የወር አበባዋ ከቆመ ጀምሮ እንደዚሁ ያማታል። እስካሁን ለማንም አልተናገረችም ነበር።