ከእቃ እጣቢ የሚገኝ መብራት፦ ስለ ማድዋት የሳይንስ መማሪያ

ማድዋት በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ኤሌክትሪክ ሲያመነጩ በዓይን ለማሳየት አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የሳይንስ መማሪያ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሽቦ የተያያዘባቸው ሁለት ክብ የካርቦን ንጣፎች እና ትንሽ መብራት ያለባት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይዟል። አንደኛው ንጣፍ ጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ ሁለተኛው ከላይ ሆኖ አየር ያገኛል። ኦክስጅን በሌለበት ጥልቀት እንደ ጂኦባክተር ያሉ ባክቴሪያዎች ብስባሹን ሲመገቡ የሚተርፋቸውን ኤሌክትሮን ለታችኛው ንጣፍ ያስረክባሉ፤ ኤሌክትሮኑም በሽቦው አልፎ ላይ ካለው ኦክስጅን ጋር ይገናኛል።

እኔ ጭቃውን ያቦካሁት የምግብ ፍርፋሪ በቀረበት የእቃ እጣቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም፤ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ንጣፉን እስኪይዙት መታገሥ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ መብራቱ አልፎ አልፎ ብልጭ ማለት ይጀምራል፣ እየዋለ እያደረም ይፈጥናል። ያለማቋረጥ የማይበራው ከጭቃው የሚገኘው ከ1 ቮልት በታች ስለሆነ ሰሌዳዋ ኃይሉን አጠራቅማና ከፍ አድርጋ ስለምትለቀው ነው። የብልጭታው ፍጥነት የባክቴሪያዎቹን ብርታት ስለሚናገር፣ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስልክ ቻርጅ አደርግበታለሁ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ በቤት ፍሳሽ ሞክረው ያገኙት ከፍተኛ ኃይል በካሬ ሜትር 26 ሚሊዋት ነበር፤ በዚህ ስሌት ለአንድ 5 ዋት ቻርጀር ወደ 190 ካሬ የሚጠጋ ንጣፍ ያስፈልጋል፣ ይህም በአዲስ አበባ ደህና ቤት የሚያሠራ ቦታ ነው። በእኔ ግምት የዚያ ሙከራ ዋና ቁም ነገር ሌላ ነው፤ መሣሪያው በፍሳሹ ውስጥ ከነበረው ኦክስጅን ፈጂ ቆሻሻ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አስወግዷል። ለፍሳሽ ማጣሪያ አየር መንፋት ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ለሚያውቅ፣ ይህ ከመብራቱ ይልቅ ያጓጓል። የእንግሊዟ ብሪስቶል ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 ከእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ጋር በሽንት የሚሠራ የመጸዳጃ ቤት መብራት ሲሞክሩ ያሰቡት የስደተኞች መጠለያን ነበር፤ እዚያ ጥቂት ብርሃንም ዋጋ አላት።

ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መምህራን ያለማመንታት እመክረዋለሁ። በረኪና የነካው እጣቢ ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል አይጨመርበት፤ ሲሞላም የላይኛው ንጣፍ ሰጥሞ አየር እንዳያጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።