ኢንዳክሽን ወይስ የሽቦ ምድጃ? መጀመሪያ ድስታችሁን አገላብጡ

አምና ኢንዳክሽን ምድጃ ገዝቼ እየፈነደቅኩ ቤት ገባሁ። ሰካሁት፣ ድስት ጣድኩበት፣ ጮኸና ጠፋ። ሌላ ድስት አመጣሁ፣ ያው ጩኸት። ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ "ድስትህ ምንድን ነው?" አለኝ። ብረት ድስት ነዋ! ለካ ብረት ድስት የምንለው ብዙው ነገር አሉሚኒየም ነው። ከመሸጡ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽቦው ምድጃ መጀመሪያ ራሱ ይግላል፣ ከዚያ ድስቱን ያግላል። ኢንዳክሽን ግን በመስታወቱ ሥር ባለው ጥቅል ሽቦ የማግኔት ኃይል ፈጥሮ ድስቱን ራሱን ነው የሚያግለው፤ ስለዚህ ማግኔት የማይዘው ድስት ለሱ እንደሌለ ነው። አሉሚኒየም፣ ሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ ሁሉም ውድቅ። የፍሪጅ ማግኔት አንሱና ድስቶቻችሁን ከሥራቸው ሞክሩ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ከያዘ፣ የምትገዙት ምድጃ ብቻ አይደለም፣ ድስትም ነው። በጀቱ ውስጥ አስገቡት።

ስለ ፍጥነቱ ግን አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ባለ 1800 ዋቱ 2 ሊትር ውሃ በ7 ደቂቃ ገደማ ያፈላል፤ ባለ 1000 ዋት የሽቦ ምድጃ ላይ 14 ደቂቃ አካባቢ ትጠብቃላችሁ። በርግጥ ዋቱም እኩል አይደለም። "የመብራት ወጪ በግማሽ ይቀንሳል" የሚሏችሁን አትስሙ። ኢንዳክሽን ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉን ለምግቡ ያደርሳል፣ ደህና የሽቦ ምድጃ ደግሞ 70 በመቶ አካባቢ። ካርድ ስትሞሉ ልዩነቱ ከአምስት አንድ እጅ ቢሆን ነው። ግማሽ የሚባለው ከጋዝ ጋር ሲወዳደር ነው፤ የጋዝ እሳት ከግማሽ በላይ ሙቀቱ በድስቱ ጎንና ጎን ያመልጣል።

አሁን ወደ ሽሮ እንምጣ፣ ዋናው ፈተና እሱ ስለሆነ። ርካሹ ኢንዳክሽን እሳት ቀንስ ሲሉት አይቀንስም፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ሽሮው ቱግ ብሎ ይነሳና ዝም ይላል። ሽንኩርት ስታቁላሉም ድስቱ ሥሩ ስስ ከሆነ መሃሉ ያርርና ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ወፍራም ሥር ያለው ድስት ብዙውን ያስተካክለዋል። የሽቦው ምድጃ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ካጠፋችሁት በኋላም ሙቀቱ ስለሚቆይ ሽሮዋ በራሷ ተክ ተክ እያለች ታልቃለች። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለባቄላና ለሥጋ ሥሩ ማግኔት የሚይዝ ፕሬዠር ኩከር ከኢንዳክሽን ጋር ብታጣምሩ ሌላ ዓለም ነው።

ጥገናስ? የሽቦው ሪዚስታንስ ሲቃጠል ሰፈር ውስጥ ይቀየርላችኋል። የኢንዳክሽን ቦርድ ሲበላሽ ግን ጠጋኝ ፍለጋ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ይህን ደጋግማችሁ አስቡበት።

የቤታችሁ መስመርም አለ። 2000 ዋት ማለት 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ባለ 3500 ዋት ምጣድ ደግሞ 16። ሁለቱን ባንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ እንጀራ መጋገር እሳት መጥራት ነው። (ለእንጀራ ኢንዳክሽን የሚያስብ ካለ ይተወው።)

ከሰልን ከውድድሩ ያስወጣሁት ሆን ብዬ ነው። በባህላዊ አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል፣ ጭሱ ባይታይም መርዙ በዝግ ክፍል ይገድላል። የኛ መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ 5150 ሜጋ ዋቱ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 2017 ተመርቋል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛውንም ብትገዙ ደን ተርፏል። መብራት ሲጠፋ ግን ላቀች ምድጃ በረንዳ ላይ ቢኖር አልፈርድም፤ ከቆርቆሮው ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል።

የኔ ፍርድ፦ ተከራይ ከሆናችሁ፣ መስመሩ ያረጀ ከሆነ፣ ድስቱም አሉሚኒየም ከሆነ፣ ደህና የሽቦ ምድጃ ግዙ። ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና ልጆች በምድጃው ዙሪያ የሚሯሯጡ ከሆነ ወደ ኢንዳክሽን ሂዱ፤ ነበልባልም የጋለ ሽቦም የለውም፣ ድስቱ ሲነሳ ማሞቁን ያቆማል፣ መስታወቱ ግን ከድስቱ በወሰደው ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ያቃጥላል። ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ድስት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ውሃ አፍልተው ያሳዩዋችሁ። ሰው ቢስቅባችሁም ይሳቅ።