ተረግጦ የማይነሳ ፍሪሲዮን፦ ሲቀላ ያለችው ትንሽ ጋራዥ

ሥራዬ ቱሪስት ማመላለስ ነው። መኪናዬ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ናት። 11 ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ልጆቼ ያደጉት በእሷ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ እሷ ሳይሆን አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ስለሚሠሩ አንድ አዛውንት ሜካኒክ ነው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጠራም።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን (ክላች) እረግጣለሁ። እግሬን ሳነሳ ፔዳሉ አብሮ አይመጣም፤ ግማሽ ላይ ይቀራል። በጫማዬ ጫፍ ከሥሩ ስቤ ነው የማነሳው። ጠዋት ደህና ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይብሳል። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትስብም።

አዲስ አበባ ያሳየሁበት ጋራዥ ነድቶ እንኳ ሳያያት “የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል” አለኝ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወረደ። ሸራው፣ ዲስኩ፣ ኩሽኔታው ሁሉም ተቀየረ። ሦስት ቀን ቆመች፤ የወር ገቢዬ እዚያው ቀረ። በሁለት ሳምንቱ ፔዳሉ እንደገና ወርዶ ቀረ። ስደውል “አዲስ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ ሲሠራ ይላላል” አሉኝ። አመንኳቸው።

ከዚያ አራት እንግዶች ይዤ ከአርባ ምንጭ በጨንቻ መንገድ ወደ ዶርዜ ስወጣ ጉድ ሆንኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ጨንቻ ስትወጡ በአጭር ርቀት ከ2,600 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። እንግዶቹን በሌላ መኪና ላክኋቸው። እኔ መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሲቀላ ስደርስ ሙዝ የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር “ወንድሜ፣ እሳቸው ጋ ሂድ” ብሎ መንገዱን አሳየኝ።

ጋሼ መጀመሪያ ያነሱት መፍቻ አይደለም። ምንጣፉን ነው። “ብዙ ሰው ምንጣፍ ፔዳል ይዞበት ካምቢዮ ያስወርዳል” አሉኝ። ምንጣፉ ደህና ነበር። ቀጥለው ፔዳሉን ዘይት ከሚገፋው የላይኛው ፖምፕ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ፒን አወጡና ፔዳሉን ብቻውን በእጃቸው አወዛወዙት። እንደ ልቡ ሄደ፣ መጣ። ስለዚህ ፔዳሉም፣ ሞላውም ጤነኛ ናቸው።

ፒኑን መልሰው ረዳታቸውን ፔዳሉን እንዲረግጥ አዘዙት። ወርዶ ሲቀር መኪናው ሥር ገብተው ካምቢዮው ላይ ያለውን፣ ግፊቱን የሚቀበለውን የታችኛውን ፖምፕ የአየር ማስወጫ ፈቱ። ዘይት ፊጭ አለ፤ ዘንጉም ወዲያው ተመለሰ። ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ግን የቱ ጋ? ዘጉት፣ አስረገጡት፣ አሁን ከላይኛው ፖምፕ የሚወጣውን ቧንቧ በትንሹ ላላ አደረጉት። ግፊቱ እዚያም ተለቀቀ። “የጎማ ቱቦው ከውስጥ ተደፍኖ ቢሆን ከላይ ስፈታው አይለቅም ነበር። ችግሩ የላይኛው ፖምፕ ነው፣ ልጄ።” ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ያደረጉትን ግን መቼም አልረሳውም። ንጹህ ውኃ በብርጭቆ አስመጡ። ከፍሪሲዮን ዘይት መያዣው ጥቂት በሲሪንጅ ሳቡና ጠብ አደረጉበት። ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ ትክክለኛ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል። የእኔ ላይ ቅባት ሰፈፈ። ቀና ብለው አዩኝ። “እዚህ ውስጥ ማነው የሞተር ዘይት የጨመረው?”

ያኔ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ወራት በፊት መንገድ ላይ የሞተር ዘይት ሳስቀይር አንድ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ “ይሄም ጎድሏል” ብሎ ሞልቶልኝ ነበር። አመስግኜው ሄድኩ።

የሞተር ዘይት የፍሪሲዮንና የፍሬን ጎሚኒን (ፖምፑ ውስጥ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን ጎማ) ያሳብጣል። ፔዳሉ ሲነሳ ዘይቱ ወደ መያዣው የሚመለስባት መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። ያበጠው ጎሚኒ እሷን ደፈናት፤ ፒስተኑንም ጨምድዶ ያዘው። መመለሻ ያጣ ዘይት ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ ትንሽ እንደተረገጠ ያቆየዋል። ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋል፣ የበለጠ ይገፋል። ዳገት ላይ መንሸራተቷ ከዚህ ነበር። ካምቢዮ የወረደው በከንቱ ነው ማለት ነው፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ፍሬኑ የራሱ ዘይት መያዣ አለው። ጋሼ ሳልጠይቃቸው ያንንም በውኃ ፈተኑልኝ። ንጹህ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እሳቸው ጋ ዕቃ የለም። ይህን እወቁ። የሁለቱን ፖምፖች ኪትና የጎማ ቱቦውን የሚስቴ ወንድም አዲስ አበባ ካለው ሶማሌ ተራ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ፤ አንድ ቀን ጠበቅሁ። የላይኛው ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር፣ እምቢ አሉ። ያ ዘይት የነካው ጎሚኒ በሙሉ መውጣት አለበት። ቧንቧውን በአዲስ የፍሬን ዘይት አጠቡት። አዲሱን ጎሚኒ በግሪስ ሳይሆን በዚያው በፍሬን ዘይት አርሰው፣ ንጹህ ጨርቅ ላይ ገጠሙት። አየሩን ያወጡት በግሉኮስ ቱቦ ነው። “ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!” እያሉ፣ አረፋው እስኪጠፋ። በመጨረሻ በዘንጉና በፒስተኑ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖሩን አረጋገጡ፤ ዘንጉ ሁልጊዜ ከገፋ ያቺ ቀዳዳ ተመልሳ ትዘጋለች።

ለእጃቸው 2,500 ብር ጠየቁ። አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጣቸው እብጠታቸው በዓይን ይታያል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ደረሰኝ የለም። ቦታው ክፍት ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ሥራ ይቆማል። እሑድ አይሠሩም። ካምቢዮ የሚያስወርድ ሥራ ከሆነም ክሪክ እንጂ ሊፍት የላቸውም።

ሁለት ወር ሆነው። ጨንቻን አምስት ጊዜ ወጥቻታለሁ፤ ፔዳሉ እግሬን ተከትሎ ይነሳል። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ካላችሁ ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ ተራ ማንንም የአይሱዙ ሹፌር ጠይቁ። ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ይዛችሁ ሂዱ፤ የተከፈተ ካመጣችሁ አይቀበሏችሁም።