የሙዝና አጃ ኩኪስ ለሕፃናት፦ ከአጃ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል?

ምግብ ለጀመረ ሕፃን ኩኪስ ለመጋገር የሚያስፈልገው በደንብ የበሰለ ሙዝና አጃ ነው። ስኳርም ጨውም ቤኪንግ ፓውደርም አያሻውም። ግራ የሚያጋባው አጃው ነው፤ በአንድ ስም ስር በጣም የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። ሙዙም ኦቨኑም ያው ሆኖ አንዱ አጃ በድድ ብቻ የሚፈርስ ኩኪስ ይወጣዋል፣ ሌላው ደግሞ ለልጅ ጉሮሮ የሚያሰጋ ጠጣር ነገር ይሆናል።

ለማወዳደር መጠኑን አንድ እናድርገው፦ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለ አንድ ሙዝ (ተልጦ 100 ግራም ገደማ)፣ 60 ግራም አጃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው የሌለው ቅቤ። ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጊዜው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ሙዙ ነጠብጣብ እስኪጥል መጠበቅ ግዴታ ነው። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ አረንጓዴነት ያልለቀቀ ሙዝ ኩኪሱን ጣዕም የለሽ ያደርገዋል።

የተከካው አጃ፣ ማለትም ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ የተቆረጠው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለብዙ ደቂቃ በውሃ መቀቀል የሚፈልግ ነው፤ በ15 ደቂቃ ደረቅ ሙቀት ጥሬ እንደሆነ ይቀራል።

ወፍራሙ የተዳመጠ አጃ በእንፋሎት ሞቆ የተጠፈጠፈ ስለሆነ የተሻለ ነው። ሳይፈጭ ከገባ ግን የተጠፈጠፉት ፍሬዎች ጠርዝ ኦቨን ውስጥ ደርቆ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ የሕፃን ላንቃ ላይም ይለጠፋል። ዓመት ላለፈውና በደንብ ለሚያኝክ ልጅ ግማሹን ፈጭቶ ግማሹን እንዳለ መተው ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ላለው ሙሉ በሙሉ ይፈጭ።

አንደኛ የምናደርገው ቶሎ የሚበስለውን ስሱን የተዳመጠ አጃ ነው፤ የማሸጊያው ጀርባ ላይ ከአጃ ሌላ ምንም ያልተጻፈበትን። ቤት ውስጥ በደረቅ ብሌንደር ለ20 ሰከንድ ይፈጫል፣ ጆጉ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ለሌላ 10 ሰከንድ ይደገማል። ብሌንደሩ እርጥበት ካለው ዱቄቱ ከታች ተጣብቆ ይቀራል። በጣት ሲታሽ እንደ ሰሞሊና ትንሽ ከሻከረ በቂ ነው፤ ኩኪሱ ውስጡ አየር እንዲኖረውና እንዳይታፈን የሚያደርገው ያ ሻካራነት ነው።

ተፈጭቶ የሚሸጠው የአጃ ዱቄት ሁለተኛ ነው። በጣም ስለላመ እርጥበቱን ቶሎ ይመጠዋል፣ በ60 ግራም ሲሠራ መሐሉ እንደ ሙጫ ይሆናል። ወደ 50 ግራም ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ሌላው ችግሩ መቆየቱ ነው። አጃ ከብዙዎቹ እህሎች የበለጠ ቅባት ስላለው ከተፈጨ በኋላ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ሲከፈት የመረረ ሽታ ካለው መጣል ነው። በትንሽ በትንሹ ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይመረጣል።

በፈላ ውሃ ብቻ የሚበጠበጠው፣ ቫኒላ ወይም ፍራፍሬ ጣዕም የገባበት አጃ ከነጭራሹ አይገዛ። ብዙውን ጊዜ ስኳርና ጨው ተጨምሮበታል። ልጁ ስንዴ እንዳይበላ ከታዘዘ ደግሞ ተራ አጃ በእርሻም በወፍጮም ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ፣ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ይፈልጉ።

አሠራሩ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ሊጡን ማሳረፍ ነው። ሙዙ ጓል እስኪጠፋበት በሹካ ይደቆሳል፣ ቅቤና አጃ ገብቶ ይለወሳል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭና ማንኪያ ላይ የሚለጠፍ የነበረው ሊጥ ይደበዝዛል፣ ማንኪያውንም ይለቃል። ሳያርፍ የተጋገረ ኩኪስ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ጥሬ ይሆናል፤ ሙቀት መጨመር ደግሞ ያንን ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ከ6 እስከ 9 ወር ያለ ሕፃን በመዳፉ ጨብጦ ስለሚበላ ቅርጹ የአዋቂ ጣት የሚያህል ረጅም፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከኦቨን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ አንዱን በአውራና በሌባ ጣት መሐል ጫን ማድረግ፤ ያለ ጉልበት ከተደፈጠጠ ለድድ ይሆናል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ቆይቶበታልና ለዚህ ልጅ አይሰጥ፣ የተሰበረው ጠጣር ቁራጭ ያንቃል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አዋቂ እያየው ይብላ።

ማር ዓመት ሳይሞላው አይገባም፤ የቦቱሊዝም (ሕፃናትን ክፉኛ የሚመርዝ በሽታ) ባክቴሪያ ዘር በኦቨን ሙቀት አይሞትም። ዘቢብና ሙሉ ለውዝም ይቅር። በቅቤው ፈንታ ለስላሳ የኦቾሎኒ ቅቤ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ልጁ ኦቾሎኒን ቀደም ብሎ ለብቻው ቀምሶ የተስማማው ከሆነ ብቻ ነው።

ስኳር ስለሌለውና እርጥበት ስላለው እንደ ተራ ብስኩት አይቆይም። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 2 ወር ይቆያል። ገና ትኩስ ሳለ ከተከደነ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል፣ በማግስቱም ይዝላል።