ባለ 48 ቀዳዳ ፓች ቤይ ከሚክሰር ጋር፦ የአሥር ወር ልምዴ

ይህን ፓች ቤይ (የመሣሪያዎችን መግቢያና መውጫ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰብስቦ በአጫጭር ገመዶች የሚያገናኝ ዕቃ) ከመግዛቴ በፊት ኮምፕረሰሬን (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበውን መሣሪያ) ከአንድ ቻናል ወደ ሌላ ለማዛወር በፈለግሁ ቁጥር የእጅ ባትሪ ይዤ ከሚክሰሩ ጀርባ መንበርከክ ነበረብኝ። በተጠላለፉት ገመዶች መካከል በዳበሳ ስፈልግ የሌላ መሣሪያ ጃክ የነቀልኩበት፣ ዘፋኙም ማይክሮፎን ፊት ቆሞ የጠበቀበት ቀን ጥቂት አይደለም። አሁን ያው ሥራ ከፊት ለፊት በሁለት አጫጭር ገመዶች ያልቃል፤ የሚክሰሩም ሶኬቶች በየቀኑ ከመነቀልና ከመሰካት ስላረፉ አይላሉም።

መሣሪያው በ19 ኢንች ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ የሚይዘው 44.45 ሚሊሜትር ቁመት ብቻ ነው። በላይኛው ረድፍ ባሉት 24 ቀዳዳዎች ከመሣሪያ የሚወጣው ድምፅ፣ በታችኛው 24 ደግሞ ወደ መሣሪያ የሚገባው ይገናኛል። የሚክሰሩን ኢንሰርቶች (የቻናሉ ድምፅ ወደ ውጭ መሣሪያ ወጥቶ የሚመለስባቸውን ሶኬቶች) ሰንዱን ማለትም መውጫውን ከላይ፣ ሪተርኑን ማለትም መመለሻውን ከታች አድርጌ ሃፍ ኖርማል በሚባለው አሠራር አገናኘኋቸው፤ ከፊት ምንም ካልተሰካ ድምፁ ከላይ ወደ ታች በራሱ ያልፋል፣ ከላይ ሲሰካ መንገዱ ሳይቋረጥ ቅጂው ይወሰዳል፣ ከታች ሲሰካ ግን የቀድሞው መንገድ ተዘግቶ አዲሱ ይገባል። አንዱን ድምፅ ለሁለት መሣሪያዎች ማካፈል በዚህ መንገድ ምንም አላስቸገረኝም፤ ሁለት መውጫዎችን በአንድ ገመድ አጣምሮ ወደ አንድ መግቢያ መላክ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ያ የሚክሰሩ ሥራ ነው።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በኮምፕረሰሩ ላይ ነው። መውጫውን ከላይ፣ መግቢያውን ከሥሩ አስገብቼ ያንንም ዓምድ (የላይኛውንና የታችኛውን ቀዳዳ ጥንድ) እንደሌሎቹ በሃፍ ኖርማል ተውኩት። አንድ ማታ የታችኛውን ገመድ ነቅዬ የላይኛውን እንደተሰካ ስተወው ከስፒከሩ ድንገተኛ ፉጨት ተነሣና ቮልዩሙን ለመዝጋት ተሯሯጥሁ። መውጫው በውስጥ በኩል ከራሱ መግቢያ ጋር ስለተገናኘ፣ ጌይኑም (ድምፁ የሚጎላበት መጠን) ከፍ ብሎ ስለነበር፣ ድምፁ ክብ ሠርቶ እየተደራረበ ጮኸ። የውጭ መሣሪያዎች የሚገቡባቸው ዓምዶች ላይኛውና ታችኛው ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው፤ በእኔ መሣሪያ ይህ የሚደረገው ትንሿን ሰርኪት ካርድ ገልብጦ በመመለስ ነው።

የኢንሰርት ገመድ ሲገዛ ወይም ሲበየድ የሚክሰሩን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ሚክሰሮች ሰንዱ በጃኩ ጫፍ፣ ሪተርኑ በቀለበቱ ነው፤ ተቃራኒ የሆኑም አሉ። ፓች ቤዩ የድምፅ መጠን እንደማያስተካክልም መታወቅ አለበት፤ በ+4 ዲቢዩ የድምፅ ደረጃ ከሚሠራው ሚክሰሬ ጎን ያለው አሮጌ የካሴት ዴክ በ-10 ዲቢቪ ደረጃ ስለሚሠራ በ12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይደርሳል፣ ልዩነቱንም በሚክሰሩ ጌይን እሞላዋለሁ።

ማይክሮፎኖቼ ዛሬም በፓች ቤዩ ሳያልፉ በኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ገመድ) ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ነው የሚገቡት። ጃክ ሲሰካና ሲነቀል ጫፉና ቀለበቱ በመንገዱ ከግራውንድ ጋር ለቅጽበት ሊነካኩ ይችላሉ፤ በመስመሩ ላይ 48 ቮልት ፋንተም (ሚክሰሩ በገመዱ ለማይክሮፎኑ የሚልከው ኤሌክትሪክ) ካለ ያ ንክኪ ፕሪአምፑንም (የማይክሮፎኑን ድምፅ የሚያጎላውን ክፍል) ማይክሮፎኑንም ሊጎዳ ይችላል። ማይክሮፎን በፓች ቤይ ለማሳለፍ የሚያስቡ ወዳጆቼን አጥብቄ እከለክላለሁ።

እውነተኛው ድክመቱ በስድስተኛው ወር ታየ። ምንም ያልሰካሁበት የቻናል 11 ድምፅ እየሳሳ፣ እየተንኳኳ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እየጠፋ አስቸገረኝ፤ ገመድ አስገብቼ ሳወጣ ግን ይመለሳል። ከፊት ጃክ በሌለበት ጊዜ ድምፁን የምታሳልፈው ስስ የብረት ምላስ ለወራት ሳትንቀሳቀስ አቧራና ዝገት ይዟት ነበር። በጃኩ ላይ ጥቂት የኮንታክት ማጽጃ ነፍቼ ደጋግሜ በመሰካትና በመንቀል አጸዳሁት፤ ከዚያ ወዲህ የማልጠቀምባቸውን ቀዳዳዎች ጭምር በየወሩ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ ቻናል 11ም ዳግመኛ አልተቋረጠም።